ቅቤ ኃጢአት አይደለም

በሁዳዴ ቅቤ አንበላም። 55 ቀን ሙሉ የተነጠረው ቅቤ ጓዳ ተቀምጦ እኛ ሽሯችንን በዘይት እንሠራለን። እስከ ዛሬ ግን «ቅቤ የሰይጣን ነው» ብሎ ያስተማረ ቄስ አልገጠመኝም። የቅቤ ሽታ ሲመጣብሽ አማትቢ፣ ላም ስታዪ ዓይንሽን መልሺ፣ ቅቤ ካማረሽ መንፈስ ይዞሻልና ጠበል ግቢ ያለኝም የለም። እንዲያውም ጾሙ ጾም የሚሆነው ቅቤ መልካም ስለሆነ ነው። እሬት መተውማ ምን ጾም ይባላል? የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን ዶሮ ወጡ ሲቀርብ፣ ቅቤው ከላይ ሲንሳፈፍ፣ የሚሸማቀቅ ክርስቲያን አላየሁም። ተባርኮ፣ ተቆርሶ፣ አመስግነን እንበላለን።

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የአምስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል። ታዲያ ነገሩ ከማዕድ ወጥቶ ወንድና ሴት ጋ ሲደርስ ምን ነክቶን ነው የሚጠፋብን?

የምለው ይህ ነው፦ ሴት ወንድን፣ ወንድም ሴትን መፈለጉ፣ ልቡ መዝለሉ፣ ሰውነቱ መሞቁ፣ «ይህችን ልጅ ካላየሁ ቀኑ አይመሽልኝም» ማለቱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ለድካማችን ታስቦ የተፈቀደ ነገር አይደለም፤ ልጅ ለመውለድ ሲባል ዓይን ጨፍነው የሚያልፉትም አይደለም። ስጦታ ነው፣ በቃ። እንደ ማንኛውም ውድ ስጦታ ደግሞ ቤትና ወግ ይፈልጋል። ቤቱ ጋብቻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ቤት የሚሠራለትን ነገር ጋኔን ነው ብለው ከሚያባርሩት ጋር ነው።

ከውጭ ሰዎች ጋርም አይደለም ጠቤ። «ሃይማኖት ፍቅርን ትጠላለች» የሚሉ አሉ፤ እነሱ ያዩትን ነው የሚናገሩት፣ ብዙም አልፈርድባቸውም። የምከራከረው ከእኛው ሰዎች ጋር ነው፦ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር፣ ከፌሎሺፑ መሪ፣ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ቲክቶክ ላይ ብቅ ብሎ «እኅቴ ሆይ ተጠንቀቂ» ከሚለኝ ሰባኪ ጋር። ኦርቶዶክሱና ጴንጤው በስንቱ ነገር ሲከራከሩ ውለው ያድራሉ፤ በዚህች በአንዷ ጉዳይ ግን እንዴት እንደሚስማሙ! ጉባኤ ቢጠራ በአምስት ደቂቃ የሚፈርሙት ሰነድ ይህ ብቻ ነው።

እኔ ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ነጠላ አጣፍቼ፣ ከበሮው አጠገብ ተቀምጬ፣ ከ12 ዓመቴ ጀምሮ። ብዙ ነገር ተሰጥቶኛል፤ ዛሬም ሲጨንቀኝ ከአፌ የሚወጣው ያኔ ያጠናሁት መዝሙር ነው። ስለ ፍቅር የተማርኩት ግን ተጨምቆ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ወንድ ፈተና ነው። አንቺም ለወንድ ፈተና ነሽ። ስታገቢ ይገባሻል። የምታናድደኝ ሦስተኛዋ ናት። ስታገቢ ይገባሻል! ማን ነው የሚያስረዳኝ? አሥር ዓመት «እሳት ነው፣ አትጠጊ» ሲለኝ የኖረው ሰው ነው በሰርጌ ማታ ተነሥቶ «በይ ግቢ፣ ገነት ነው» የሚለኝ?

አንዲት ጓደኛዬ (ጻፊው ብላኛለች፣ ስሜን ግን ተዪው ብላለች) በተክሊል አገባች። ባሏን ትወደዋለች፣ እሱም ይወዳታል፤ ሁለቱም ለዚያ ቀን ራሳቸውን ጠብቀው የመጡ ልጆች ናቸው። አራት ወር ሙሉ ግን አልሆነም። ሰውነቷ እንደ በር ተቆለፈ። በኋላ የሄደችባት ሐኪም ነገሩ የታወቀ፣ ስም ያለው፣ የሚታከምም መሆኑን ነገረቻት፤ ዛሬ ደህና ናቸው። እስከዚያ ድረስ ግን ቤተሰቡ የራሱ ምርመራ ነበረው። መጀመሪያ መተት ነው ተባለ። ቀጥሎ ዓይነ ጥላ ነው ተባለ። ቀጥሎ ባልየው የተደበቀ ኃጢአት ይኖርበታል ተባለ። «ይህችን ልጅ ምን ስናስተምራት ነው የኖርነው?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሰውነት የጋብቻ ምስክር ወረቀት አያነብም። አሥር ዓመት ፍርሃት የተማረ ሰውነት እሑድ ጠዋት አክሊል ስለደፋ ማታውን ፍርሃቱን አይረሳም።

ችግሩ ከቃላችን ይጀምራል። «ፍትወት» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ምን ይታያችኋል? ለእኔ ጅራት ያለው ነገር ነው የሚታየኝ። በአማርኛ ብቻውን አይሄድም፤ ወይ «የሥጋ» ይከተለዋል ወይ «ርኩስ» ይቀድመዋል። በግእዝ ግን «ፈተወ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ «ፍቱው» ደግሞ የተወደደ። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኞች ካሏችሁ ጠይቋቸው፣ እነሱ ዛሬም ቃሉን በንጽሕናው ይዘውታል፤ ቡና መውደዳቸውንም ሰው መውደዳቸውንም በዚሁ ቃል ይናገራሉ። እኛ ቃሉን ወስደን ጭቃ ቀባነው፤ ከዚያ በኋላ ለነገሩ ንጹሕ ስም አጣንለት። «ፍቅር» ስንል ሥጋ የሌለው ነገር ይሆንብናል፤ «ወሲብ» ስንል ክሊኒክ ክሊኒክ ይሸታል፤ የቀረው ሁሉ ስድብ ነው። ስም ያጡለትን ነገር ደግሞ በጸሎት ማንሣት አይቻልም።

እስቲ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ዘፍጥረት እንመለስ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተፈጠረው ሁሉ መልካም መሆኑን እንደ ደወል ይደጋግማል። መልካም ያልሆነ ነገር መጀመሪያ የሚጠቀሰው መቼ ነው? እባቡ ከመምጣቱ በፊት ነው። ፍሬው ሳይበላ፣ ኃጢአት ወደ ዓለም ሳይገባ፣ አዳም ከፈጣሪው ጋር ያለ አንዳች ግርዶ እየኖረ ሳለ፣ እግዚአብሔር ራሱ የሰውየው ብቻውን መሆን መልካም እንዳልሆነ ተናገረ። ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ዛሬ አንዲት የ30 ዓመት ልጅ «ብቸኝነት ጎዳኝ፣ ማግባት እፈልጋለሁ» ስትል «እግዚአብሔር አይበቃሽም ወይ?» የሚሏት መንፈሳውያን አሉ። ለአዳም እንኳ ያልተባለውን!

ከዚያ ሔዋን መጣች፣ አዳምም አፉን ከፈተ። ከዚያ በፊት የተናገረው ቃል አልተጻፈልንም፤ እንስሳቱን ሲሰይም እንኳ ድምፁን አልሰማነውም። በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ የምንሰማው የሰው ልጅ ንግግር አንድ ወንድ አንዲት ሴት አይቶ ደስታው ሲያመልጠው ነው። በዕብራይስጡ እንዲያውም ስንኝ ነው። ሁለቱም ራቁታቸውን ነበሩ፣ አልተፋፈሩም፤ እፍረቱ የመጣው ኋላ ነው። መምህሮቻችን ግን እፍረቱ ከአፈሩ ጋር አብሮ የተቦካ አስመስለው ያስተምራሉ። ሔዋንን ወደ አዳም ያመጣት እኮ እባቡ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን በሩጫ ልለፋቸው። ያዕቆብ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት መንጋ ጠበቀ፤ ከመውደዱ የተነሣ ጥቂት ቀን መስሎ ታየው። ይስሐቅ በጌራራ ርብቃን እኅቱ እንደሆነች አስመስሎ ሲደብቃት ንጉሡ አቤሜሌክ በመስኮት አያቸው። ሲጫወቱ ነበር፤ ጨዋታው የእኅትና የወንድም ስላልነበረ ንጉሡ ወዲያው ገባው። (የሚገርመኝ፣ ይስሐቅ የሚለው ስም ከሳቅ የወጣ ነው፤ በዚያ መስኮት የታየው ጨዋታም በዕብራይስጡ ከዚያው ከሳቅ ሥር የተወሰደ ግሥ ነው።) ሩት በአማቷ በናኦሚ ምክር ታጥባ፣ ሽቱ ተቀብታ፣ በሌሊት ወደ አውድማው ወርዳ ቦዔዝን እንዲያገባት የጠየቀችው እሷ ናት። ስሟ በማቴዎስ ወንጌል በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ አለ። ዛሬ አንዲት ዘማሪት ይህን ብታደርግ ስሟ ከአባላት መዝገብ ይፋቃል።

አሁን ወደ ዋናው። ዳዊት ምን እንደሆነ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ታውቃላችሁ፤ አያቶቻችን በማኅደር አድርገው አንግተውት የሚዞሩት፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ንባብ የሚያጠናበት፣ በየማለዳው የሚደገመው መጽሐፍ። አንድ የብራና ዳዊት ብትከፍቱ ግን ውስጡ መዝሙራቱ ብቻ አይደሉም። ከመዝሙራቱ ቀጥሎ የነቢያት ጸሎት አለ። ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን። ቀጥሎ ውዳሴ ማርያም። ልብ በሉ! በነቢያት ጸሎትና በእመቤታችን ምስጋና መሀል፣ ስለ ከንፈር፣ ስለ ጡት፣ ስለ ጸጉር፣ ስለ ሌሊት ናፍቆት የሚዘምረውን መጽሐፍ አባቶቻችን አስገብተው ሰፉት። እጃቸው ስቶ አይደለም፤ ለዘመናት እየደጋገሙ ገለበጡት። ከገልባጮቹ ስንቶቹ መነኮሳት ነበሩ! ማፈር ካስፈለገ መነኩሴው ነበር ማፈር የነበረበት።

በዚያ መጽሐፍ መጀመሪያ የምትናገረው ሴቲቱ ናት። አብዛኛውንም የምትናገረው እሷ ናት። ትናፍቃለች፣ ትጣራለች፣ በሌሊት ተነሥታ ከተማውን ትዞራለች፤ ጠባቂዎቹ አግኝተው ይመቷታል፤ እሷ ግን ፍለጋዋን አትተውም። የወዳጇን መልክ ከራሱ ጀምራ ወደ ታች እየወረደች ትዘረዝረዋለች። «ሴት ልጅ ወደደችም አይባልም» እየተባልን ላደግን ለእኛ ይህ ምን ማለት ነው? ያችው ሴት ደግሞ የኢየሩሳሌምን ቆነጃጅት ሦስት ጊዜ በመሐላ ታስጠነቅቃቸዋለች፤ ፍቅር በራሱ ፈቃድ እስኪነሣ እንዳይቀሰቅሱት። ስለዚህ «ልጆች ይህን ካነበቡ ይበላሻሉ» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ትዕግሥትን የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። የሚያስተምርበት ምክንያት ግን ከእኛ ይለያል። እኛ ቆሻሻ ነውና አትንኩት እንላለን፤ እሱ ብርቱ ነውና አትቸኩሉበት ይላል።

«እሱ እኮ ምሥጢር ነው፣ የተነገረው ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፤ እቀበላለሁም። ትርጓሜው ከእኔ በፊት ነበር፣ ከእኔም በኋላ ይኖራል። አይሁድም ስለ እግዚአብሔርና ስለ እስራኤል ነው ይሉታል፤ ታላቁ መምህራቸው ረቢ ዓቂባ ከቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ይህኛውን ቅድስተ ቅዱሳን እንዳለው በሚሽና ተጽፏል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው ሲመስል በምን ይመስላል? ሊቃውንቱ እመቤታችንን ሲያመሰግኑ በወርቅ መሶብ፣ በአበባ፣ በፀሐይ ይመስሏታል፤ በቆሻሻ ገንዳ የመሰላት የለም። የሙሽራና የሙሽሪት ናፍቆት ርኩስ ከሆነ እግዚአብሔር የገዛ ፍቅሩን በርኩስ ነገር መሰለ ማለት ነው። ምሥጢሩን እያከበሩ የተመሰለበትን ነገር መትፋት አያስኬድም። ጌታም የመጀመሪያ ተአምሩን ያደረገው ሰርግ ቤት ነው፤ እኛም በየዓመቱ ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግስት፣ በሰርጉ ወር፣ ቃና ዘገሊላ ብለን እናከብረዋለን። ወይኑ አለቀ ሲባል «እንግዲህ ደስታው ይብቃ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ» አላላቸውም።

«ይህ ከውጭ የመጣ የዘመኑ ወሬ ነው» የሚለኝም አይጠፋም። የዘመኑ? በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፣ ጋንግራ በምትባል ከተማ ጳጳሳት ተሰብስበው ነበር። የተሰበሰቡት እጅግ በጣም መንፈሳዊ የሆኑ ሰዎች ስለተነሡ ነው፦ ያገባ ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተስፋ የለውም የሚሉ፣ ሚስት ካለው ቄስ እጅ ቁርባን አንቀበልም የሚሉ፣ ሥጋ የሚበላውን የሚኮንኑ። ጉባኤው ምን ወሰነ? አወገዛቸው። የመጀመሪያው ቀኖና ጋብቻን የሚጸየፈውን፣ ከገዛ ባሏ ጋር የምትተኛ ምእመን መንግሥተ ሰማያት አትገባም የሚለውን ያወግዛል። ሁለተኛው ሥጋ መብላትን የሚኮንነውን ያወግዛል። ማዕዱና መኝታው ጎን ለጎን! ዘጠነኛው ይብሳል፤ አንድ ሰው በድንግልና የሚኖረው ለድንግልና ክብር ሳይሆን ጋብቻን ተጸይፎ ከሆነ እሱም የተወገዘ ነው። አሥረኛው ደግሞ በባለትዳሮች ላይ የሚታበየውን ድንግል ያገኘዋል። ከዚያ በፊትም ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማግባትን የሚከለክሉትንና ከመብል ራቁ የሚሉትን አንድ ላይ አስሮ ትምህርታቸውን የአጋንንት ብሎታል። እኛ ጋኔኑን በልጆቹ ልብ ውስጥ ስንፈልገው፣ ጳውሎስ ያገኘው ማይክ የያዘው ሰው ጋ ነው።

ምናኔን እየነካሁ አይደለም። መነኩሴ የሚከበረው ውድ ነገር ስለተወ ነው፤ ቆሻሻ የተወ ሰውማ ቤቱን ጠረገ እንጂ ምን መሥዋዕት አቀረበ?

ዮሐንስ አፈወርቅ (ከቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራው) ስለ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ መሆን ሲሰብክ ሰሚዎቹ እንዳፈሩ አይቶ ገሥጿቸዋል፤ ንጹሕ በሆነ ነገር ማፈር የመናፍቃን ጠባይ ነው ብሎ። ዛሬ መጥቶ ቢሆን «አባታችን፣ ሕፃናት አሉ» ብለን ማይኩን እንቀማው ነበር። የእኛ ቀሳውስት እኮ ባለትዳሮች ናቸው። ዲያቆኑ የሚያገባው ቅስና ከመቀበሉ በፊት ነው። ሥጋውን የሚያቀብለን እጅ የልጆቹን አፍንጫ የጠረገ፣ የሚስቱን እጅ የያዘ እጅ ነው። ጴንጤ ጓደኞቼም «እኛ ጋ ይሄ የለም» እንዳትሉ፤ ማርቲን ሉተር መነኩሴ ነበር፤ በ1525 እ.ኤ.አ. ከገዳም የወጣችውን ካታሪና ፎን ቦራን አግብቶ ስድስት ልጆች ወለደ። ዛሬ ከዚያው ሐረግ የወጡ አንዳንድ መሪዎች አንዲት የመዘምራን ልጅ ከወንድ ጋር ማኪያቶ ስትጠጣ ታየች ብለው ስብሰባ ይጠራሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ «ጌታ አሳየኝ» ላይ። ፌሎሺፕ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ወንድም ከፕሮግራም በኋላ ይጠራሻል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክልና «እህቴ፣ እየጸለይኩ ሳለ ጌታ ሚስቴ አንቺ መሆንሽን አሳየኝ» ይልሻል። በእኛ በኩል ደግሞ «ሱባኤ ገብቼ በሕልሜ መጣሽ» ወይም «የንስሐ አባቴ እሷን አሉኝ» አለ። ልጁ ብዙ ጊዜ ክፉ ልጅ አይደለም። ወዷታል፣ ሌላ ምንም የለም። ሳቋን ወዷል፤ ስትዘምር ዓይኗን የምትጨፍነውን ወዷል። ግን «ወደድኩሽ» የሚልበት ንጹሕ ቃል ማንም አልሰጠውም፤ እንዲያ ማለት የሥጋ ነው ተብሏል። ስለዚህ ፍላጎቱን የትንቢት ልብስ ያለብሰውና ይልካታል።

አሁን እሷን አስቧት። «ወደድኩሽ» ያላትን ሰው «አመሰግናለሁ፣ እኔ ግን እንደዚያ አላይህም» ልትለው ትችላለች። እግዚአብሔርን ምን ትበለው? አንዲት የማውቃት ልጅ «እሺ፣ ለእኔም እስኪያሳየኝ እጠብቃለሁ» ብላ ገላገለችው። ብልህ ናት። ሁሉም ግን እንደዚያ አይመጣላትም። ፈርተው ያገቡ አሉ። ወንድ ሳይሆን ትንቢት አግብተው፣ ትንቢቱ ማታ ማታ ቤት ሲገባ ከማን ጋር እንደተኙ ግራ የገባቸው አሉ።

የሴትን ፍላጎት ያልቆጠረ ሰው እምቢታዋንም አይቆጥርም። «እምቢ ማለቷ ወጉ ነው» ይላል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር፤ ይህ የቀረው አዲሱ የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ነው። ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መስቀል የተሳመበት አገር ነው ይሄ። መኃልየ መኃልይን ማኅደር ውስጥ ከትቶ በትከሻው ተሸክሞ ዞረ፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ወዳጁ ደጅ ቆሞ እንደሚያንኳኳ፣ እሷ ስትዘገይበትም በሩን ሰብሮ እንደማይገባ ግን አላነበበም።

«ወጣቱ እንደሆነ አልቋል፤ አንቺ እሳት ላይ ቤንዚን ትጨምሪያለሽ» የሚለው ክስ ይመጣል፣ አውቃለሁ። «ጌታ ራሱ ሴትን አይቶ የተመኘ በልቡ አመነዘረ ብሎ የለም ወይ?» ብሏል። ይህን ቃል አላቀለውም። ግን መመኘት ራሱ ኃጢአት ከሆነ ችግር ውስጥ ነን፤ ምክንያቱም በመጨረሻው እራት ጌታ ፋሲካውን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ለመብላት እጅግ ሲመኝ እንደቆየ ሲናገር አማርኛው የተጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው። ግሪኩም በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። አሥርቱ ትእዛዛትም «አትመኝ» ሲሉ የባልንጀራን ነገር ነው። ኃጢአቱ ያለው የሌላውን መውሰድ ላይ ነው፤ ሰውን ያህል ነገር በዓይን በልቶ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ መሄድ ላይ ነው።

አሁን ቤንዚኑን ማን እንደሚጨምር ላሳያችሁ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ስልክ አለው። በስልኩ ስም የሌላቸው፣ የማይናገሩ፣ የማይስቁ ገላዎች ያያል። የዚያኑ ሰሞን የጎረቤታቸው ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሲያያት አፉ ይደርቃል፣ ደብተሯን ሊይዝላት ይፈልጋል፣ ምን እንደሚላት ሌሊቱን ሲያስብ ያድራል። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እናንተ ግን ሁለቱንም «የዝሙት መንፈስ» ብላችሁ በአንድ ጆንያ ከተታችሁለት። ልጁም ያምናችኋል። ሁለቱም እኩል ኃጢአት ከሆኑ የቱን ይመርጣል? የሚቀልለውን፣ የማያሳፍረውን፣ እምቢ የማይለውን። ልጅቷን ይሸሻል፣ ስልኩን ያቅፋል፣ እሑድ መጥቶ ያለቅሳል፣ እናንተም «መንፈሱ ጠንካራ ነው» ብላችሁ ሌላ ሰባት ቀን ጠበል ታዙለታላችሁ። ያቺን ልጅ ሲያያት የሆነው ነገር መልካም እንደሆነ፣ ፈጣሪ በውስጡ ያስቀመጠው እንደሆነ፣ ስለዚህም የሚጠበቅና የሚከበር እንደሆነ አንድ ሰው ነግሮት ቢሆን ስልኩን የሚያስንቅ ነገር በእጁ ነበረው። ጠበልን አልተቃወምኩም፤ ያልታመመውን አትርጩ ነው የምለው።

ባለፈው ሳምንት ቡና እያፈላን የአክስቴ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። 17 ዓመቷ ነው። ከእነሱ ጋር የሚያገለግል አንድ ልጅ አለ። ምንም አልተባባሉም፤ ከበሮ ሲመታ ታየዋለች፣ እሱ ነው ሁሉ ነገሩ። ንስሐ መግባት አለብኝ ወይ ነው ጥያቄዋ።

«ምን አድርገሽ?» አልኳት።

«ወድጄው።»

«ታዲያ እግዚአብሔርን አመስግነሽበታል?»

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «ይቻላል እንዴ?»

«ሞክሪው። መጀመሪያ እንደዚህ ዓይነት ልጅ ስለፈጠርክ ተመስገን በዪ። ከዚያ ጠብቀኝ በዪ። በዚህ ቅደም ተከተል።»

ዝም አለች። ጀበናው ገነፈለ። ምድጃው ላይ የፈሰሰውን እየጠረገች «ግን እኮ» አለች፣ «ከበሮ መምታት አይችልም።»